የአፈር ግድብ ሲያረጅ

በክረምት ከሙዱላ ከተማ ተነሥቶ ወደ ኦሞ ሸለቆ ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ በየጅረቱ የሚያየው ውሃ ቀይ ነው። የጠምባሮ፣ የከምባታና የሐዲያ ደጋማ መሬቶች ለእንሰትና ለቡና፣ ለጤፍና ለበቆሎ የተመቹ ሲሆኑ፣ ተዳፋታቸው ግን ዝናብ በመጣ ቁጥር አፈሩን አሳልፎ ይሰጣል። እኛ «ወንዙ ደፈረሰ» ብለን እናልፋለን። ነገሩን በሒሳብ ዐይን ብናየው ግን ወንዙ አልደፈረሰም፤ ማሳው ነው ቦታውን የለቀቀው።

ይህ ቀይ ውሃ ወደ ኦሞ ይገባና በሸለቆው ውስጥ ወደ ኋላ ርቆ የተኛውን የጊቤ ሦስት ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይቀላቀላል። 243 ሜትር ከፍታ ያለውና 1,870 ሜጋዋት ኃይል እንዲያመነጭ ተደርጎ የተሠራው ይህ ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ስለ ኃይሉ ብዙ ተነግሯል፤ ሊነገርም ይገባው ነበር። በአገራችን የግድብ ምርቃት ሁሉ የሚነገረው ስለ ልደት ነው። ስለ እርጅና የሚናገር የለም።

ለመሆኑ ግድብ ያረጃል ወይ? ያረጃል። በተለይም ከአፈር የተሠራው፣ ከፍታው ጥቂት አሥር ሜትሮች የሆነው፣ ለመስኖ ወይም ለከተማ መጠጥ ውሃ ተብሎ የቆመው ግድብ ዕድሜው እንደ ሰው ዕድሜ በአሥር ዓመታት የሚቆጠር ነው። በዓለም ላይ ካሉት ግድቦች አብላጫውን ቁጥር የሚይዘውም ይኸው የአፈር ግድብ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በ2050 አብዛኛው የዓለም ሕዝብ የሚኖረው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ከተሠሩ ትላልቅ ግድቦች በታች ነው። እንግዲህ ያረጀ ግድብ ምን ይደረጋል? ይጠገናል? ይተዋል? ወይስ ፈርሶ ወንዙ ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከፊዚክስ ተነሥተን እንመረምራለን።

ግድቡ ስንት ይሸከማል?

እስቲ 15 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ የያዘ ግድብ እናስብ። በሐይቁ ወለል ላይ ያለው የውሃ ግፊት የውሃው እፍጋት፣ የመሬት ስበትና የጥልቀቱ ብዜት ነው። ይኸውም 1,000 ሲባዛ በ9.8፣ ሲባዛ በ15፣ ወደ 147,000 ፓስካል ይመጣል። በቀላሉ ለመግለጽ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 15 ቶን ጭነት ያርፋል ማለት ነው። ግፊቱ ከላይ ዜሮ፣ ከታች ከፍተኛ ስለሆነ አማካዩን ወስደን ብናሰላ፣ በእያንዳንዱ አንድ ሜትር የግድብ ርዝመት ላይ ውሃው በአግድም የሚገፋበት ጉልበት የ112 ቶን ክብደት ያህላል።

ከዚህ ስሌት ሁለት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ጥልቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ጉልበቱ የሚጨምረው በአራት እጥፍ ነው። 30 ሜትር ጥልቀት በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ላይ 450 ቶን ይገፋል። ሁለተኛ፣ የሐይቁ ወደ ኋላ መርዘም በስሌቱ ውስጥ ቦታ የለውም። አሥር ሜትር ወደ ኋላ የተኛ ኩሬና አሥር ኪሎ ሜትር የተንጣለለ ሐይቅ፣ ጥልቀታቸው እኩል እስከሆነ ድረስ በግድቡ ላይ የሚያሳርፉት ጉልበት እኩል ነው። ልዩነታቸው የሚታየው ግድቡ የፈረሰ ዕለት ነው፤ የኩሬው ውሃ በደቂቃዎች ያልቃል፣ የሐይቁ ግን የታችኛውን አገር ይዞ ይሄዳል።

የአፈር ግድብ ይህን ጉልበት የሚቋቋመው በክብደቱና በመሠረቱ ስፋት ነው። ከላይ ጠባብ፣ ከታች እጅግ ሰፊ ሆኖ እንደ ረጅም ጉብታ ይሠራል። በመካከሉ ውሃ በቀላሉ የማያሳልፍ የተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር እንደ እምብርት ይቀመጣል፤ ግራና ቀኙ በጠጠርና በድንጋይ ይደገፋል። አጠገቡ ደግሞ ትርፍ ጎርፍ የሚያልፍበት ማስተንፈሻ ይሠራለታል። ይህ ማስተንፈሻ ተጨማሪ ጌጥ አይደለም። የግድቡ ሕይወት የታሠረው በእርሱ ነው።

ሁለቱ የጥፋት መንገዶች

የአፈር ግድብ ከሚፈርስባቸው ምክንያቶች ዋነኞቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከውስጥ ይመጣል።

የመጀመሪያው ውሃው በግድቡ አናት ላይ ሲፈስ ነው። የኮንክሪት ግድብ ውሃ በአናቱ ቢያልፍ ለጥቂት ጊዜ ሊታገሥ ይችላል። የአፈር ግድብ ግን አይታገሥም። በጀርባው ቁልቁል የሚወርደው ውሃ አፈሩን ይቦረቡራል፣ ቦረቦሩ ወደ አናቱ ያድጋል፣ አናቱ ሲጎደል የሚያልፈው ውሃ ይበዛል፣ ውሃው ሲበዛ ቦረቦሩ ይሰፋል። ውጤቱ ራሱን መልሶ የሚመግብ እንዲህ ያለ ሂደት አንዴ ከጀመረ የሚያስቆመው ኃይል አይገኝም።

ሁለተኛው በስርገት የሚመጣው የውስጥ ሽርሸራ ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ የዲዦን ከተማን የመጠጥ ውሃ ሲያደራጅ እ.ኤ.አ. በ1856 እንዳስረዳው፣ በአፈር ውስጥ የሚሰርገው ውሃ መጠን ከሁለቱ ጫፎች የከፍታ ልዩነት ጋር ይጨምራል፣ ውሃው ከሚጓዝበት ርቀት ጋር ደግሞ ይቀንሳል። ስለዚህ የማያሰርግ የአፈር ግድብ የለም፤ ጥያቄው በምን ያህል የሚለው ነው። በግድቡ ግርጌ ወደ ላይ የሚወጣ ውሃ አንድ ሜትር ውፍረት ባለው የአሸዋ ንጣፍ ውስጥ ሲያልፍ አንድ ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት የሚያጣ ከሆነ፣ ወደ ላይ የሚገፋው ጉልበት በውሃ ውስጥ ካለው የአሸዋ ክብደት ጋር ይስተካከላል። ያን ጊዜ የአሸዋው ቅንጣቶች እርስ በርስ መደገፋቸውን ይተዋሉ፤ መሬቱ እንደሚፈላ ገንፎ ይንተከተካል። አፈር እየታጠበ ይወጣል፣ ከኋላው ባዶ ቱቦ ይፈጠራል፣ ቱቦው ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ይረዝማል። ቱቦው ሐይቁን ያገኘ ዕለት ግድቡ ያበቃለታል።

ይህ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት 93 ሜትር ከፍታ የነበረው የቲተን የአፈር ግድብ እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1976 ጠዋት ደፍራሽ ውሃ ማንጠባጠብ ሲጀምር ታየ። ቡልዶዘሮች ቀዳዳውን ለመድፈን ቢሞክሩም እኩለ ቀን ሳይሞላ ግድቡ ተደረመሰ፤ 11 ሰዎች ሞቱ። ቲተን ያኔ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ እየሞላ የነበረ አዲስ ግድብ ነበር። በአሮጌ ግድብ ላይ ደግሞ ሌሎች ረዳቶች ይጨመራሉ። በጀርባው ላይ የበቀለ ዛፍ ሥሩ ሲበሰብስ የተዘጋጀ ቱቦ ይተዋል፤ ፍልፈልና ምስጥም የየራሳቸውን ጉድጓድ ይቆፍራሉ።

የሚያጽናናው የመጀመሪያውን ምልክት ለማየት ላቦራቶሪ አለማስፈለጉ ነው። ከግድቡ ግርጌ የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ ከሆነ ግድቡ እንደ ማንኛውም የአፈር ግድብ እያሰረገ ነው። ውሃው ከደፈረሰ ግን ግድቡ ራሱ እየወጣ ነው። ይህን ልዩነት የሚያውቅ አንድ እረኛ አንድ መንደር ሊያድን ይችላል።

አፍሪካችንም ትምህርቱን በብዙ ዋጋ ተቀብላለች። በኬንያ ናኩሩ አውራጃ ሶላይ በተባለ ስፍራ የነበረ የእርሻ ግድብ ግንቦት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ሌሊት ከከባድ ዝናብ በኋላ ሲፈርስ ከ40 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በሊቢያ ደርና ከተማ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩ ሁለት ግድቦች በ2015 ዓ.ም. የጳጉሜን ወር ማብቂያ ላይ፣ እኛ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ላይ ሳለን፣ ዳንኤል በተባለው ዐውሎ ነፋስ ዝናብ ተደረመሱ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችም በአንድ ሌሊት አለቁ። ከአደጋው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አንድ የአገሪቱ ተመራማሪ ግድቦቹ ጥገና ካልተደረገላቸው ሸለቆው ለጥፋት እንደሚጋለጥ ጽፎ ነበር። ሰሚ አላገኘም እንጂ።

ደለል፦ ጸጥተኛው እርጅና

የግድብ እርጅና ሁልጊዜ በድንገት አይመጣም። በአገራችን በብዛት የሚታየው ዝምተኛው እርጅና ነው፤ ስሙም ደለል ይባላል።

አንባቢ ሆይ፣ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ደፍራሽ የወንዝ ውሃ ቅዳና ጠረጴዛ ላይ አቁመህ ተመልከት። አሸዋው በሰከንዶች ውስጥ ከታች ይቀመጣል፤ ሸክላው ግን በማግሥቱም ውሃውን እንዳደፈረሰው ልታገኘው ትችላለህ። ምክንያቱን በአየርላንድ የተወለደው የፊዚክስና የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ስቶክስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አስልቶታል፤ በውሃ ውስጥ የምትዘቅጥ ደቃቅ ቅንጣት ፍጥነቷ ከዲያሜትሯ ስኩዌር ጋር ይመጣጠናል። የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ዲያሜትር ያለው አሸዋ በሰከንድ 9 ሚሊሜትር ያህል ይወርዳል። የሁለት ማይክሮሜትር ሸክላ ግን በቀን ሠላሳ ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ይወርዳል። አሥር ሜትር ጥልቀት ባለው ሐይቅ ውስጥ አሸዋው በሃያ ደቂቃ ገደማ ወለሉን ሲነካ፣ ሸክላው ከአንድ ወር በላይ ይወስድበታል። አሸዋና ጠጠር ወንዙ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አፍ ላይ፣ ሸክላ ደግሞ እስከ ግድቡ ድረስ ተጉዞ የሚከማቸው ለዚህ ነው።

አሁን ዕድሜውን እናስላ። ለምሳሌ ያህል አንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ግድብ 2,000 ሄክታር ተፋሰስ አለው እንበል። ከእያንዳንዱ ሄክታር በዓመት 20 ቶን አፈር ተጠርጎ ሐይቁ ውስጥ ይቀራል ብለን ብናስብ፣ በዓመት 40,000 ቶን ይሆናል። አንድ ሜትር ኩብ የረጋ ደለል 1.2 ቶን ይመዝናል ብንል፣ ሐይቁ በየዓመቱ 33,000 ሜትር ኩብ ቦታ ያጣል። በሠላሳ ዓመት ሙሉ በሙሉ ይደፈናል። ውሃ ለመስኖ መስጠት የሚያቆመው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው፤ ምክንያቱም ደለሉ የመውጫውን ቧንቧ የሚደፍነው ሐይቁ እስኪሞላ ጠብቆ አይደለም። ተፋሰሱን ብናክምና የሚጠረገውን አፈር በግማሽ ብንቀንስ ያው ግድብ ስልሳ ዓመት ይኖራል። በግድቡ ላይ አንድ ድንጋይ ሳንጨምር ዕድሜው በእጥፍ ረዘመ ማለት ነው።

ስሌቱ ምሳሌ ይሁን እንጂ ችግሩ ምሳሌ አይደለም። በወሎ የቦርከና ግድብ አገልግሎት ሳይሰጥ በደለል መሞላቱን ተመራማሪዎች ደጋግመው ይጠቅሱታል። የጎንደርን ከተማ ውሃ የሚያጠጣው የአንገረብ ግድብ ከደለል ጋር ሲታገል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ከመጀመሪያ ይዞታው ከሩብ በላይ የሚሆነውን ለደለል አስረክቧል። በትግራይ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ጀምሮ ከተሠሩት በርካታ አነስተኛ የአፈር ግድቦች ብዙዎቹ ከታሰበላቸው ጊዜ ቀድመው በደለልና በስርገት ተዳክመዋል። የስርገቱ ታሪክ ግን ሌላ ገጽታም አለው፤ ከአንዳንዶቹ ግድቦች ያመለጠው ውሃ ከታች ምንጮችን አጎልብቶ ገበሬዎች ጉድጓድ ቆፍረው እንዲያጠጡ አስችሏል። ለመሐንዲሱ ኪሳራ የሆነው ለጎረቤቱ ሲሳይ ሆነ። ተፈጥሮ በእኛ የሒሳብ መዝገብ አትመራም።

የሞተ ግድብ አደጋው አልሞተም

በደለል የተሞላ ግድብ ሲያዩት ሰላማዊ ነው። ሣር ይበቅልበታል፣ ከብት ይሰማራበታል፣ አንዳንዴም ይታረሳል። ሰው «ውሃ የለውም፣ ምን ያደርገናል?» ይላል። እዚህ ላይ ግን ስሕተት አለ።

ባዶ ቦታ ያለው ሐይቅ ድንገተኛ ጎርፍ ሲመጣ የተወሰነውን ውጦ ቀሪውን ቀስ አድርጎ ይለቃል። የተደፈነ ሐይቅ ግን የሚውጥበት ቦታ የለውም፤ ጎርፉ እንዳለ ወደ ማስተንፈሻው ይደርሳል። ማስተንፈሻው ደግሞ ለዓመታት ጠጋኝ በማጣት ተሰንጥቆ ወይም በቁጥቋጦ ተዘግቶ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ውሃው በአናቱ ላይ የማለፍ ዕድሉ በወጣትነቱ ከነበረው ይልቅ በእርጅናው ይበልጣል። ግድቡ ከፈረሰ ደግሞ የሚወርደው ውሃ ብቻ አይሆንም፤ ለአሥርት ዓመታት የተከማቸ ጭቃ አብሮት ይወርዳል።

ታዲያ ምን ይሻላል? በመርሕ ደረጃ አራት ምርጫዎች አሉ። አንደኛው ደለሉን ማውጣት ነው። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ ደለል በ16 ሜትር ኩብ ገልባጭ መኪና ለማጓጓዝ 62,500 ምልልስ ያስፈልጋል። በቀን መቶ ምልልስ ቢደረግ እንኳ ከ600 ቀናት በላይ ነው። ተፋሰሱ ካልታከመ ደግሞ ሥራው እንደገና ይጀመራል። ሁለተኛው ግድቡን ከፍ ማድረግ ነው፤ ይህም ቀደም ብለን እንዳየነው ጉልበቱን በጥልቀቱ ስኩዌር ይጨምራል፤ አሮጌው መሠረት መሸከም መቻሉም መፈተሽ አለበት። ሦስተኛው ማስተንፈሻውን አስፍቶና ዝቅ አድርጎ ሐይቁን ረግረግ ሆኖ እንዲኖር መተው ነው። አራተኛው ግድቡን አፍርሶ ወንዙን መመለስ ነው።

ከሁሉም የከፋው አምስተኛው ነው፤ እርሱም ምንም አለማድረግ ነው።

አንድ ግድብ እንዴት ይሰናበታል?

በኢትዮጵያ አራተኛው መንገድ የተለመደ አይደለም። እንዲያውም ከመቃብር የተነሣ ግድብ አለን፤ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ማመንጫ ለአሥርት ዓመታት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደገና 6.6 ሜጋዋት ማመንጨት ጀምሯል። በሌላው ዓለም ግን ማፍረስ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። በአሜሪካ ብቻ ከ2,000 በላይ ግድቦች ፈርሰዋል፤ አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው። ከትላልቆቹ መካከል ለእኛ ጉዳይ የሚቀርበው ሰሜን ካሊፎርኒያ ውስጥ በክላማት ወንዝ ላይ የነበረው አይረን ጌት ነው። የአፈር ግድብ ስለነበረ ነው የመረጥነው።

አይረን ጌት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተሠራ፣ 53 ሜትር ያህል ከፍታ የነበረው የኃይል ማመንጫ ግድብ ነው። ከእርሱ በላይ ሌሎች ሦስት ግድቦች ነበሩ። አራቱም ለመስኖ ውሃ አይሰጡም ነበር፤ ሳልመን ዓሣ ግን ከባሕር ወደ ወላጅ ምንጩ እንዳይወጣ ዘግተውበታል። በሐይቆቹ የሞቀ ውሃ ላይ በየበጋው መርዛማ አልጌ ይበቅል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 መስከረም ወር ከግድቦቹ በታች፣ ዝቅ ባለና በሞቀ ውሃ ውስጥ በተስፋፋ በሽታ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሳልመኖች ሞተው ወንዙን ሞሉት። ዓሣው የኑሯቸውና የእምነታቸው ማዕከል የሆነላቸው እንደ ዩሮክና ካሩክ ያሉ የአካባቢው ቀደምት ሕዝቦች ከዚያ በኋላ ትግላቸውን አጠናከሩ። የግድቦቹ ባለቤት ኩባንያም ፈቃዱን ለማሳደስ የዓሣ መተላለፊያ መሥራት ግድ ስለሆነበት ስሌቱን ሲሠራ፣ ከማደስ ይልቅ ማፍረስ የሚረክስ ሆኖ አገኘው። ፈቃድ ሰጪው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ማፍረሱን ያጸደቀው በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ነው።

አፈራረሱ ለፊዚክስ ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። መጀመሪያ በጥር 2024 እ.ኤ.አ.፣ በዝናቡ ወራት፣ በግድቡ ሥር ባለው ዋሻ በኩል ውሃው ቀስ በቀስ እንዲወርድ ተደረገ። «ቀስ በቀስ» የሚለው ቃል በአፈር ግድብ ላይ ሕግ ነው። ውሃ የጠጣ አፈር ውስጡ ግፊት ይዟል፤ ከፊቱ የሚደግፈው ሐይቅ በድንገት ቢሸሽ የግድቡ ፊት ተንዶ ወደ ውስጥ ይወርዳል። የዝናብ ወራት የተመረጠው ደግሞ ወንዙ ራሱ ደለሉን እንዲጠርግ ነው። በሐይቆቹ ውስጥ ከተከማቸው ደለል ከሲሶ በላይ የሚሆነው ታጥቦ እንደሚሄድ አስቀድሞ ተገምቶ ነበር። የግድቡ አካል የተቆረጠው ግን በበጋ ነው፤ ምክንያቱም የአፈር ግድብ ግማሹ ተቆርጦ ሳለ ጎርፍ ቢመጣበት የሰው እጅ የጀመረውን ውሃው በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል። ሥራው የግድ ከሚቀጥለው ዝናብ በፊት ማለቅ ነበረበት፤ አለቀም። የተቆፈረው አፈር አብዛኛው ግድቡ ሲሠራ ወደ ተዛቀበት ቦታ ተመለሰ። በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ወንዙ በጥንት መስመሩ ፈሰሰ።

ሁሉም ያለ ችግር አልሄደም፤ ይህንንም መደበቅ አይገባም። ውሃው በወረደባቸው ሳምንታት ወንዙ እንደ ጭቃ ጠቆረ፣ በውሃው ውስጥ የሟሟው ኦክሲጅን አሽቆለቆለ። ጭቃ ውስጥ ገብተው መውጣት ያቃታቸው አጋዘኖች ሞቱ። በሐይቁ ዳር ቤት የሠሩ ነዋሪዎች ሐይቃቸውን አጥተው ቅሬታቸውን አሰምተዋል። በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ደግሞ ከግድቡ በላይ የተለቀቁ 830,000 ያህል የሳልመን ጫጩቶች በአሮጌው ዋሻ ውስጥ ሲያልፉ አብዛኞቹ ሞቱ። ምክንያቱ የግፊት ለውጥ ነበር። ጋዝ በከፍተኛ ግፊት በፈሳሽ ውስጥ ይበልጥ ይሟሟል፤ ግፊቱ ሲቀንስ አረፋ ሆኖ ይወጣል። የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ስንከፍት የምናየው ክስተት በጫጩቶቹ ደም ውስጥ ደረሰ። የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ ትምህርት የሆነው የሄንሪ ሕግ እነሆ በሕይወት ላይ ሲፈርድ!

ይሁንና በዚያው ዓመት በጥቅምት፣ ማፍረሱ በተጠናቀቀ በሳምንታት ውስጥ፣ ሳልመኖች ግድቡ የነበረበትን ስፍራ አልፈው ላይኛው ኦሪገን ግዛት ድረስ ወጥተው ታዩ። እነዚያ ዓሦች ከግድቦቹ በላይ ያለውን ወንዝ አይተውት አያውቁም፤ ቅድመ አያቶቻቸውም አላዩትም።

መሬቱን መመለስ

ግድብ ማፍረስ የሥራው ግማሽ ነው። ሐይቁ ሲደርቅ የሚታየው የተሰነጠቀ ግራጫ ጭቃ ነው። ባዶውን ከተተወ አረም ይወርሰዋል፣ ዝናብም ይሸረሽረዋል። በክላማት 900 ሄክታር ገደማ የሆነው የሐይቆች ወለል እንዲያገግም፣ ሐይቆቹ ከመውረዳቸው ዓመታት በፊት የዩሮክ ተወላጆችና ሌሎች ሠራተኞች የአካባቢውን ሣርና አበባ፣ ቁጥቋጦና ዛፍ ዘር በእጃቸው ይለቅሙ ነበር። ዘሩ ተባዝቶ በቢሊዮን የሚቆጠር ሲሆን፣ ጭቃው ገና እርጥብ ሳለ ተበተነ። ጊዜው ወሳኝ ነበር፤ ጭቃው ከደረቀና ከጠነከረ በኋላ ዘር አይቀበልምና።

ለእኛ ለዚህ ትምህርት ካሊፎርኒያ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። ከሙዱላ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በወላይታ ሁምቦ ወረዳ፣ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከ1998 ዓ.ም. አንሥቶ በአካባቢው ሕብረት ሥራ ማኅበራት እጅ እንዲያገግም ተደርጓል። ዘዴው በአብዛኛው ችግኝ ማፍላት አልነበረም። ዛፉ ከተቆረጠ በኋላም በመሬት ውስጥ በሕይወት የቆየው ጉቶና ሥር የሚያወጣውን ቀንበጥ መርጦ መግረዝና ከከብት መጠበቅ ነበር። የተራቆተ የሚመስለው ተራራ ከአፈሩ በታች ደን ይዞ ኖሯል ማለት ነው። በዳገት ላይ ቅጠል ሲኖር የዝናብ ጠብታ አፈሩን በቀጥታ አይመታም፤ ሥር ሲኖር ውሃው ወደ ምድር ይሰርጋል። ወንዙም ቀይነቱን እየቀነሰ ይሄዳል።

እኛስ?

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ «ግድቦቻችንን እናፍርስ» የሚል መደምደሚያ ላይ መድረስ ስሕተት ነው። ለአምስትና ለስድስት ወራት ዝናብ በማይታይበት አገር የተጠራቀመ ውሃ ሕይወት ነው። በክላማት የፈረሱት ግድቦች መስኖ የማያጠጡ እንደነበሩ መዘንጋት አይገባም። ከዚህም በላይ በደለል የተሞላ ግድብ ሳይታሰብበት ቢቆረጥ፣ ወንዙ በደለሉ ውስጥ የሚከፍተው ቦረቦር ወደ ላይ እየወጣ የሰዎችን ማሳ ሊበላ ይችላል።

የሚያስፈልገን ምርመራና ውሳኔ ነው። የትኛው ግድብ ስንት ዓመቱ ነው? ስንት ደለል ይዟል? ማስተንፈሻው ጎርፍ ያሳልፋል? በታቹ ማን ይኖራል? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ለመመለስ አንድ ጀልባ፣ የተለካ ገመድና ጥቂት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለመነሻ ይበቃሉ። ደግሞም የመልሱ ባለቤት መታወቅ አለበት። ግድብ ሲሠራ ባለቤቱ ብዙ ነው፤ ሲያረጅ ግን ከግርጌው ያለው ገበሬ ብቻውን ይቀራል።

በሐዲያም በከምባታም፣ በመላው አገራችንም፣ ሰው በሕይወት ሳለ ዕድር ይገባል። በየወሩ ጥቂት ያዋጣል፤ ሞትን ስለሚመኝ ሳይሆን ሞቱ በቤተሰቡ ላይ ዱብ ዕዳ እንዳይሆን ነው። የክላማት ግድቦች ማፍረሻና የአካባቢው ማገገሚያ ወደ 450 ሚሊዮን ዶላር የተመደበለት ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 200 ሚሊዮኑ ከመብራት ደንበኞች በየሒሳባቸው ላይ በጥቂት በጥቂቱ ተሰብስቦ የቆየ ነበር። በእኛ ቋንቋ ይህ ዕድር ነው። ግድቦቻችንም ዕድር ያስፈልጋቸዋል፤ ለተፋሰሱ እርከን፣ ለማስተንፈሻው ጥገና፣ ጊዜው ሲደርስም ለክብር ስንብታቸው የሚሆን መዋጮ ከምርቃታቸው ቀን ጀምሮ ሊቀመጥላቸው ይገባል።

እስከዚያው ድረስ፣ አንባቢ ሆይ፣ በሰፈርህ አጠገብ አሮጌ ግድብ ወይም ኩሬ ካለ ከዝናብ በኋላ ወደ ግርጌው ውረድና የሚወጣውን ውሃ በጠርሙስ ቅዳ። ጥርት ያለ ከሆነ ተመስገን በል። ደፍርሶ ካገኘኸው ግን ዝም አትበል፤ ለቀበሌህም፣ ከታች ላሉት ጎረቤቶችህም ዛሬውኑ ንገር።